የማትነጥረው ኳስ

ኦጋታ ከእኛ ጋር መማር ሲጀምር ከክፍሉ ልጆች ሁሉ በዕድሜ ይበልጥ ነበር። በክብደት ደግሞ ለብቻው የሦስታችንን ያህላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሱሞ በሚባለው የአገራችን ትግል ታጋይ ሆኖ አሠልጣኙ ቤት ነው ያደገው። ጉልበቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተቀዶ ሐኪሙ "በቃህ" ሲለው ታጋዮች የሚያሳድጉትን ጸጉሩን ተቆረጠና እዚህ ቶኪዮ አኒሜሽን ሊማር ተመዘገበ። ለምን አኒሜሽን እንደመረጠ ስንጠይቀው፣ "እግሬ ተሰቅሎ ሆስፒታል ስተኛ ከካርቱን ፊልም ሌላ የማየው አልነበረም" አለን።

በሩ አጠገብ ቦታው ሰፋ ስለሚል ከእኔ ጎን ተቀመጠ። ልጆቹ ወዲያው "ጋሼ" አሉት። በተለይ ሬንጂ የሚባለው ምላሰኛ የመጀመሪያውን ቀን እንኳ አላሳለፈውም።

"ጋሼ፣ ወንበሩን አደራ። የትምህርት ቤቱ ነው።"

"እሱም እኔን አደራ ተብሏል" አለ ኦጋታ፣ እርሳሱን እየቀረጸ።

የምታስተምረን ሞሪሺጌ የምትባል ትንሽዬ ሴትዮ ናት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትስል የኖረች፣ የሳል ከረሜላ ከጉንጯ የማይጠፋ። የመጀመሪያው ሥራችን አንዲት ኳስ ከላይ ወድቃ ስትነጥር በተከታታይ ወረቀቶች ላይ መሳል ነበር።

"ኳስ ስትወድቅ እየፈጠነች ነው የምትሄደው" አለችን። "ስለዚህ ሥዕሎቹ ላይ ላይ ይቀራረባሉ፣ ታች ታች ይራራቃሉ። መሬት ስትነካ ትጨፈለቃለች፣ ስትነሳ ትለጠጣለች። ምስጢሩ ይኸው ነው። ለማወቁ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ ለመቻሉ ግን እንጃላችሁ።"

ሥራችን በስክሪን ሲታይ የእኔ ኳስ መስመሯ ያማረ ነበር። ሞሪሺጌ አየት አደረገችና፣ "ቺናሚ፣ ያንቺ የሳሙና አረፋ ነው። ክብደት የለውም" አለችኝ። የኦጋታ ተራ ደረሰ። የእሱ ኳስ ስትወድቅ ወለሉ የተንቀጠቀጠ መሰለን። ወደቀች፣ እዚያው ቀረች።

"ኦጋታ፣ ይህቺ ኳስ ምን ነካት?"

"ወደቀች፣ መምህር።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ... ወደቀች።"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ደግሞ ሳለ። ሕጉን ስለሚያውቀው ኳሷን ጨፈለቃት፣ ለጠጣት፤ ስትነሳ ግን በገመድ ተጎትታ እንጂ በራሷ አልነበረም። ወረቀቱን በጣቶቹ መሃል ይዞ ያገላብጣል፣ ያያል፣ ይቀድዳል። የቀሩት ልጆች ወደ ሁለተኛው ሥራ፣ ወደ ዱቄት ከረጢቱ አለፉ። እሱ ከባድ ሥራ ነው፤ ዓይንም አፍም የሌለው ከረጢት እንዲደሰት፣ እንዲደክም፣ እንዲያኮርፍ ማድረግ ነው። እኔና ኦጋታ ግን ኳሱ ላይ ቀረን።

አንድ ቀን ምሳ ስንበላ፣ "በዕረፍቱ እናቴ ጋ ሄጄ እዚያው እቀራለሁ" አለኝ። "የፖም ማሳ አላት። መሰላል ባልወጣም ሣጥን እሸከማለሁ።"

"ልታቆም ነው?"

"ቺናሚ፣ ኳስ ነው እኮ ያቃተኝ። ኳስ።"

ተናደድኩ። ደግ ሆኜ አይደለም፤ እሱ ከሄደ ኳሱ ላይ ብቻዬን መቅረቴ ነው። ከትምህርት በኋላ የጎማ ኳስ ገዛሁና ኦጋታን ወንዙ ዳር ወዳለው የሲሚንቶ መንገድ ይዤው ሄድኩ። "ጣላትና እያት" አልኩት። ጣላት። እኔ ኳሷን ትቼ እሱን አየሁ። ደግሞ ጣላት፣ ደግሞ አየሁት።

"ወዴት ነው የምታየው?"

"ኳሷን ነዋ።"

"አይደለም። መሬት ስትነካ ዓይንህን ታነሳለህ።"

"በፍጹም።"

በስልኬ ቀርጬ አሳየሁት። ስልኩ መዳፉ ውስጥ ጠፍቶ ነበር። አየ፤ ደግሞ አየ። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ መጣ።

"እኛ ታጋዮች ዘንድ መሬት የነካ ተሸንፏል" አለ። "ዳኛው ያሸነፈውን ያሳያል፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ማን ያያል?"

ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ኳሷን ሲጥል ቆየ፤ አሁን ዓይኑን አላነሳም። ሲበቃው ኳሷን ኪሱ ከተተና፣ "ያንቺ ተራ ነው። ግፊኝ" አለኝ። ገፋሁት። ግድግዳ።

"በእጅሽ አይደለም። ክብደት ከእግር ነው የሚነሳው። ዝቅ በይ። ዝቅ። አሁን በተረከዝሽ መሬቱን ግፊው።"

ጫማዬ እስኪንሸራተት ገፋሁት። ውሻቸውን ይዘው የሚያልፉ ሽማግሌ ቆም ብለው አዩንና፣ "ልጄ፣ ተይው። እሱ የተተከለ ነው" አሉኝ። ያን ቀን ኦጋታ ንቅንቅ አላለም፤ በማግስቱ ግን ባቶቼ እያመሙኝ ስስል እጄ ኳሷ መሬት ከምትነካበት ላይ ስትደርስ በራሷ ጠነከረች። ሞሪሺጌ የእኔንም፣ አሁን በራሷ የምትነጥረውን የኦጋታን ኳስም አይታ፣ "እህ" አለች። እሷ ዘንድ "እህ" ማለት እለፉ ማለት ነው። ሁለታችንም ወደ ከረጢቱ አለፍን።

የመንፈቁ መዝጊያ ላይ ከረጢቶቻችን ታዩ። የኦጋታ ከረጢት ከመደርደሪያ ወደቀ። ተጋደመ። እንደተጋደመ ቆየ። ሬንጂ "ጋሼ ደግሞ..." ብሎ ሲጀምር ሞሪሺጌ እጇን አነሳችበት። ያኔ የከረጢቱ አንድ ጫፍ መሬቱን ዳበስ ዳበስ አደረገ፣ መነጽሩ እንደወደቀበት ሰው። ዱቄቱ ወደ አንድ ጎን ተሰበሰበ፤ ከረጢቱ ተንገዳገደ፣ ቆመ። ክፍሉ ሳቀ፤ ይሄኛው ሳቅ ግን ጆሮ የሚያቀላው ዓይነት አልነበረም።

ሞሪሺጌ ከረሜላዋን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዞረች።

"አነሳሱ ፈጥኗል። ይህን የሚያህል ሸክም እንዲህ ቶሎ አይነሳም፤ ይህን አንተ ታውቃለህ። ሁለት ሥዕል ጨምርበት።" ቀጠል አደረገችና፣ "ሌላውን እንዳትነካው" አለችው።

ኦጋታ "እሺ፣ መምህር" ብሎ ሲቀመጥ ወንበሩ ጮኸ፤ ሬንጂ እንኳ ስለ ወንበሩ አልቀለደም። የእኔም ከረጢት አለፈልኝ፤ መሳቁን ገና አልቻለበትም እንጂ መሬት ይረግጣል።

ምሳ ልንበላ ወደ ፓስታ ሾርባ ቤቱ ስንሄድ ኦጋታ ደጅ ቀርቶ እናቱ ጋ ደወለ። ሲገባ ፈገግ ብሏል።

"ምን አለች?"

"ለፖም ለቀማው ሄጄ እንደምመለስ ነገርኳት። መንደሩን ሁሉ 'ልጄ ኳስ ይማራል' ብላዋለች። ሰዉ ቤዝቦል መስሎት፣ በዚያ ሰውነቱ እንዴት ይሮጣል እያለ ነው።"

"አንተስ ምን አልካት?"

"ኳሱን ጨርሰን ከረጢት ላይ ነን አልኳት። 'ከዚያስ?' አለችኝ። ቀጥሎ አካሄድ ነው፣ ሰው ሲራመድ እንማራለን አልኳት። 'እሱንማ አንድ ዓመት ሳይሞላህ ችለኸው የለም ወይ' አለችኝ።"

አሳላፊዋ መጣች። ኦጋታ ለራሱ ሁለት ሳህን አዘዘ፣ ለእኔም አንድ።