ሰማዩ እዚህ፣ ዝናቡ እዚያ

ባሩድ ይሉታል፤ የወጣለትን ስም የሚያስታውሰው ፈቃዱን ያተመው መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም። በበረሃው ስንጥቅ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሰው ሲመራ የኖረ አስጎብኚ ነው። ስንጥቁ ማለት ቀጥ ብለው በቆሙ ሁለት ቋጥኞች መሀል የሚሄድ፣ አንዳንድ ቦታ ላይ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማያልፍበት ጠባብ መንገድ ነው። ከቋጥኙ ይልቅ የባሩድ ቁጣ ያስፈራል የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን ደስ ብሎት ነበር። ሴት ልጁ የአስጎብኚነት ፈቃድ ባገኘች በሳምንቷ፣ ነገ ጠዋት ስምንት አስተማሪዎችን ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመራ ነው፤ እሱ ከኋላ ተከታይ ብቻ ይሆናል። ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ካርታውን ዘርግታ፣ ጥጎቹን በጨው ዕቃና በብርጭቆ አስይዛ ዕቅዱን ታነብለታለች።

«አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በላይኛው አፍ እንገባለን። ሦስት ሰዓት ጉሮሮው ላይ ነን። ሙቀቱ ሳይበረታ፣ አምስት ሰዓት ላይ በታችኛው አፍ እንወጣለን። ለአንድ ሰው አራት ሊትር ውሃ፤ ትልቅ ሻንጣ የያዘ መኪናው ውስጥ ይተወዋል።»

ጉሮሮ የሚሉት ከሁሉ የሚጠበውን ቦታ ነው። እዚያ ከገቡ በኋላ መሮጥ የለም፣ ግድግዳውን መውጣትም የለም።

ባሩድ እያዳመጠ ገመዱን ክንድ በክንድ በጣቶቹ መሀል ያሳልፋል፤ ሁለተኛ ዙሩ ነበር። በዚያ ቤት «ገመዱን አይተኸዋል?» ተብሎ አይጠየቅም።

«የቀረው የላይ ጥሪ ነው» አለች ልጁ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

የላይ ጥሪ ማለት ከመግባት በፊት ሸለቆው ራስጌ ላይ ለሚኖር ሰው ደውሎ ዝናብ እንዳለ መጠየቅ ነው። ስንጥቁ ውስጥ ሰው የሚገድለው ዝናብ እዚህ አይዘንብም፤ ስልሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ተራራው ላይ ይዘንብና፣ እዚህ ሰማዩ ጥርት እንዳለ ደራሽ ውሃው ይመጣል። ሁልጊዜ የሚደውሉላት የጤና ጣቢያዋ ዘበኛ ባለፈው ወር ጡረታ ወጥታ አካባቢውን ለቃለች። አሁን እዚያ የቀረው ባለስልክ የውሃ ፓምፕ ጠባቂው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ የባሩድ ታላቅ ወንድም ነው።

ባሩድ ቱግ አለ። «ለእሱ ከምደውል ጣቴ ይቆረጥ። የዚያ ሰውዬ ስም እዚህ ቤት እንዳይነሳ አላልኩም?»

«ስሙን አላነሳሁም አባዬ። ፓምፑን ነው ያነሳሁት።»

«ሰማይ ማየት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ነገ አይቼ እነግርሻለሁ።»

«ሰማዩ እዚህ ነው፣ ዝናቡ እዚያ። ይኼንንም ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

ገመዱን ወርውሮ ወጣ።

ነገሩ የሰባት ዓመት ቁስል ነው። ያኔ ወንድማማቾቹ አብረው ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ገመድ ተበጠሰና አንድ እንግዳ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። መሥሪያ ቤቱ ሲጠይቅ ባሩድ «ጠዋት አይቼዋለሁ» አለ። ታላቅየው ተጠየቀ። «አላየውም። ቸኩሎ ነበር፣ ከመኪና እንዳወረደው ነው ያሰረው» አለ ዓይኑን ሳያሽ። የባሩድ ፈቃድ ሁለት ዓመት ታገደ። ከዚያ ወዲያ ዓይንና ናጫ ሆኑ፤ የእናታቸውን አስከሬን ግራና ቀኝ ተሸክመው እንኳ ቃል አልተለዋወጡም። ጋሼ ይለው የነበረውን «ያ ሰውዬ» ማለት ጀመረ። ቁጥሩንም ከቤተሰቡ ስልክ ሁሉ ላይ አጠፋው። ከጭንቅላቱ ግን አልጠፋ አለው፤ ይኼም ያናድደዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ሲሉት «ይጥራ፤ እኔን ሁለት ዓመት አጨልሞብኛል» ይላል። «ለእናቱ ልጅ አንዲት ቃል መዋሸት ያቃተው ምን ወንድም ነው?»

በማግስቱ ማለዳ ስንጥቁ አፍ ላይ ቆመዋል። ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስላል።

«ቁጥሩ ያለው አንተ ጋ ብቻ ነው» አለች ልጁ። «ካልደወልክ አላስገባም። መሪዋ እኔ ነኝ።»

ቆሽቱ አረረ። አስተማሪዎቹ የጫማቸውን ክር እያሰሩ የሚያዩት እሱን ነው። ስልኩን አወጣና ቁጥሩን ጠቀጠቀው። ገና በመጀመሪያው ጥሪ ተነሳ።

«ዝናብ አለ?» አለ። ሰላምታ የለም።

ወዲያ በኩል የወንድሙ ድምፅ መጣ። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ እየጣለ ነው። ውሃው የፓምፑ ቤት ግድግዳ ጋ ደርሷል። እንዳትገቡ።» ስልኩ ተዘጋ።

ባሩድ ቀና ብሎ አየ። ደመና የሚባል የለም። ደሙ ፈላ። ሰባት ዓመት ጠብቆ፣ ዛሬ፣ በልጁ የመጀመሪያ ቀን። ይኼ ሰው እሱን ማዋረድ የሚበቃው መቼ ነው? የሰማው ደግሞ እሱ ብቻ ነው፤ «ደረቅ ነው አለ» ቢል ማን ያውቅበታል?

«ምን አለ?» አለች ልጁ።

«ዘንቧል ይላል። ውሸቱን ነው፤ ሊያሳፍረን ነው።»

«አጎቴ ዋሽቶ ያውቃል?»

ሰባት ዓመት ያንገበገበው፣ እናቱን ሲቀብር እንኳ ያልለቀቀው ንዴት ሥሩ ይኼው ነበር፤ ሰውየው አልዋሽም ማለቱ። ለገዛ ወንድሙ ያልዋሸ፣ ዛሬ ለማን ብሎ ይዋሻል? ይኼን ማወቁ ቁጣውን አላበረደውም፤ አባሰበት እንጂ። አሁን ከራሱ በቀር የሚናደድበት ሰው አጣ።

«አታስገቢያቸው» አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ደመና በሌለበት? ሰው ይስቅብናል እኮ» አለ አንዱ አስተማሪ። ባሩድ ዞሮ አየው። አስተማሪው የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ።

ልጅቱ ቀኑ ከንቱ እንዳይቀር ብላ ስንጥቁን ከላይ እንዲያዩት አፋፉ ላይ አወጣቻቸው። ሦስት ሰዓት ላይ፣ በዕቅዱ ጉሮሮው ውስጥ በሚሆኑበት ሰዓት፣ ከሩቅ ብዙ የጭነት መኪና ተከታትሎ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ የደፈረሰ ውሃ ግንድና ድንጋይ እያላተመ መጥቶ ስንጥቁን እስከ ወገቡ ሞላው። ልጅቱ የአባቷን እጅጌ ጨምድዳ ይዛለች።

ከግንዱ መሀል አንድ ሰማያዊ በርሜል እየተንከባለለ መጣና ስንጥቁ አፍ ላይ ተቀረቀረ። ባሩድ አወቀው። አብረው ሲሠሩ ገመድ ያስቀምጡበት የነበረ፣ ሲጣሉ ታላቅየው ይዞት የሄደ በርሜል ነው። ሰማያዊ የቀቡት ሁለቱ ናቸው።

ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ ሊቋረጥ ሲል ተነሳ።

«ገባችሁ እንዴ?» አለ ታላቅየው እያለከለከ።

«አልገባንም። አንተስ የት ነህ?»

«ኮረብታው ላይ። ቤቱን ወስዶታል።»

ባሩድ ቁልቁል በርሜሉን አየ።

«በርሜልህ እዚህ መጥቷል» አለ ባሩድ።

«ያዝልኝ።»

«እኔ ያንተ ዕቃ ጠባቂ አይደለሁም» አለ። «መጥተህ ውሰደው፣ ጋሼ።»