ቆርቆሮ ያልሆነው ክዳን

ሙህዲን ቤት ከዳኝ ነው። ከከሚሴ ወደ ሰንበቴ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ከሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ ግማሹን የመታው እሱ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ወራጅ በዓይኑ ይለካል፤ ምስማር በሦስት ምት ይጨርሳል፤ በሃምሳ ስምንት ዓመቱ መሰላል ሲወጣ ወጣቶቹን ያስንቃል። የገዛ ቤቱ ግን ሰባት ክረምት ሙሉ አፍስሶበታል።

ሰንፎ አይደለም። በ1997 ዓ.ም. ከማዘጋጃ ቤቱ ቢሮ የመጡ ሰዎች ቀይ ቀለምና ብሩሽ ይዘው በመንደሩ አለፉ፤ በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን አሥራ አንድ ቤቶችም ግድግዳቸው ላይ ምልክት አደረጉባቸው። መንገዱ ይሰፋል፣ ቤቶቹ ይፈርሳሉ፣ ለባለቤቶቹም ምትክ ቦታ ይሰጣል ተባለ። እስኪፈርሱ ድረስ ቆርቆሮ መቀየር፣ እንጨት መተካት፣ በሲሚንቶ መለሰን ክልክል ነው። የመብራት ቆጣሪም አይገባም። ባለቤቶቹ «መቼ ነው የሚፈርሰው?» ብለው ቢጠይቁ «በቅርቡ» የሚል መልስ አገኙ።

ያ «በቅርቡ» ሰባት ዓመት ሆነው። መንገድ ሊለካ የመጣ አንድ ሰው እንኳ አልታየም። ማዶ ያለው ሰፈር መብራት ገብቶለት ቴሌቪዥን ሲያይ፣ እነዚህ አሥራ አንድ ቤቶች በኩራዝ ያመሻሉ። ቆርቆሮው ዛገ፤ ከዝገት አልፎም ወንፊት ሆነ።

በአራተኛው ክረምት የሙህዲን ሚስት አሻ የጨፋ ሜዳ ወባ ጥሏት ተኝታ ሳለ፣ ውሃው ከአልጋዋ በላይ ይንጠባጠብ ጀመር። አልጋውን ወዲህ ሲሉት ወዲያ ያፈሳል። ሙህዲን አላስቻለውም፤ አንዲት ቆርቆሮ ብቻ ወስዶ ከአልጋዋ በላይ መታ። በሁለተኛው ቀን ደንብ አስከባሪዎች መጡ። ዝናቡ እየወረደ ጣሪያው ላይ ወጥተው ቆርቆሮዋን ገንጥለው ይዘዋት ሄዱ። አሻ እየተንቀጠቀጠች፣ ፊቷ ላይ ዝናብ እየወረደባት፣ ሰዎቹን ከታች ወደ ላይ ስታያቸው ነበር። ሙህዲን የዚያን ቀን ዓይኗን ሲያስበው አሁንም እጁ ይጨበጣል።

በ2004 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሙህዲን ለአንድ ነጋዴ መጋዘን ሊከድን ባቲ ወረደ። ሰኞ ነው፤ ገበያው በግመልና በፍየል ተጨናንቋል። ጀሚል ከሚባል የኤሌክትሪክ ዕቃ ሻጭ ደጃፍ ላይ ስምንት ትልልቅ የሶላር ሰሌዳዎች ግድግዳ ተደግፈው አየ። ከአንድ የተዘጋ ፕሮጀክት ግቢ በጨረታ የወጡ ናቸው። ሙህዲን ቁጢጥ ብሎ የአንዱን ጠርዝ ዳሰሰ። አሉሚኒየም ነው፤ አይዝግም። ፊቱ ወፍራም መስታወት ነው። በጣቱ ቆረቆረው።

«ስንት አምፖል እንደሚያበራ ልንገርህ?» አለው ጀሚል።

«አምፖሉን ተወው። ውሃ ያስገባል?»

ጀሚል ሳቀ። «ሃያ ዓመት ዝናብ ላይ እንዲቀመጥ የተሠራ ዕቃ ነው! ሰው ግን ከቆርቆሮ በላይ ነው የሚያስቀምጠው።»

«ቆርቆሮ ከሌለስ?»

ሙህዲን ቁመቱንና ወርዱን በስንዝር ለካ፤ ጎን ለጎን አራት፣ ከሥራቸው አራት። በአሻ መኝታ በኩል ያለውን የጣሪያ ጎን ልክክ አድርገው ይሸፍኑታል።

ሥራውን ጨርሶ በተመለሰ ማግስት ጎረቤቶቹን ሰበሰበ። የተገናኙት ዙቤይዳ ቤት ነው። ዙቤይዳ ባሏ የሞተባት፣ ከጨፋ ወተት እያስመጣች የምትሸጥ ሴት ናት፤ ፍሪጅ ስለሌላት ያልተሸጠው ወተት በየማታው ይበላሽባታል። ሌላው ጎረቤት ከማል መምህር ነው። በጥንቃቄው የታወቀ ነው፤ የቢሮ ደብዳቤ ሁለቴ ሳያነብ አይፈርምም።

ሙህዲን ሐሳቡን ነገራቸው። «ክልክሉ ቆርቆሮ፣ እንጨትና ሲሚንቶ ነው። ይሄ ከሦስቱ አንዱም አይደለም። ክዳንም ይሆናል፣ መብራትም ይሰጣል። የከለከሉንን ሁለቱንም በአንድ ዕቃ እናገኛለን።»

ዙቤይዳ እጇን አጨበጨበች። ከማል ግን መነጽሩን አውልቆ ጠረገ።

«ጋሽ ሙህዲን፣ ሐሳብዎ ጥሩ ነው። ግን ደንብ ጥሰዋል ብለው ምትክ ቦታውን ቢከለክሉንስ?»

«የቱን ምትክ ቦታ?» አለች ዙቤይዳ። «ባሌ እሱን ሲጠብቅ አይደል የሞተው! የሰጡት ምትክ ቦታ መቃብር ነው።»

«እሺ ካልቀረ በማታ ይሠራ። ጠዋት ሲመጡ አልቆ ያገኙታል» አለ ከማል።

አሻ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ታዳምጥ ነበር። «ማል ጄታ፣ ከማል?» አለች በኦሮምኛ፣ ምን ትላለህ ለማለት። ቀጠለችና፣ «እኔ በወባ ስንቀጠቀጥ ቆርቆሮዬን ከላዬ የገፈፉት በቀን ብርሃን ነው። ሰው እያየ። እኛም ሰው እያየ ነው የምንከድነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ስለ ማታ ያነሳ የለም። ከማል ግን እኔ ልቆይ አለ፤ ዙቤይዳም የሙህዲንን ላየው አለች። ሙህዲን ያለችውን አንድ ጊደር ሸጠና ሰሌዳዎቹን አመጣ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቢስሚላህ ብሎ ጣሪያው ላይ ወጣ። የዛገውን ቆርቆሮ እየገነጠለ ወደ መንገዱ ሲወረውረው፣ ያ ሁሉ አላፊ አግዳሚ ቆሞ ያይ ነበር። ሰሌዳዎቹን በብረት አንግል ላይ በብሎን አሰራቸው፤ በመካከላቸው ያለውን ስንጥቅ በአሮጌ የጎማ ላስቲክ ደፈነው። ሽቦውንና ባትሪውን የገጠመው ከባቲ ድረስ የመጣው ጀሚል ነው። ሲመሽ አምፖሉ በራ። አሻ ከአምፖሉ ሥር ቆማ ቤቷን ዞር ዞር ብላ አየችው። «ሱብሃነላህ፣ ግድግዳችን ይህን ያህል ጠቁሯል እንዴ!» ብላ ሳቀች። ሙህዲን ከስንት ዘመን በኋላ ስትስቅ ሰማት።

ሰኞ ጠዋት የደንብ አስከባሪዎቹ አለቃ ሸምሱ ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ።

«ጋሽ ሙህዲን፣ ቆርቆሮ መቀየር ክልክል መሆኑን አያውቁም?»

«አውቃለሁ። የታለ ቆርቆሮው?»

ሸምሱ ቀና ብሎ አየ። ጣሪያው ላይ ሰማዩ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ አነበበ፤ እንደገና አነበበ። «ያም ሆነ ይህ ማደስ ነው» አለና፣ በሦስት ቀን ውስጥ እንዲወርድ የሚል ደብዳቤ ሰጠው።

ሙህዲን ደብዳቤውን ይዞ በቀጥታ ቢሮ ሄደ። ኃላፊው ወንበር እንኳ ሳይሰጡት፣ «መንግሥት ሊያፈርሰው ባለው ቤት ላይ መገንባት እልህ ነው» አሉት።

«ኤዬ፣ አዎ፣ እልህ ነው» አለ ሙህዲን። «ሰባት ዓመት ዝናብ የጠጣ ሰው ቢኖረው የሚኖረው እልህ ነው። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ። ቤቴ የሚፈርሰው መቼ ነው? ቀኑን ጽፈው ይስጡኝ። በዚያ ቀን ማንም ሳይነካኝ በገዛ እጄ ፈትቼ አወርደዋለሁ። በብሎን ነው የታሰረው።»

«ቀኑን እኛ አይደለንም የምንወስነው።»

«እንግዲያው ቀን እስኪመጣልዎ ድረስ እኔም አላወርድም።»

ኃላፊው ጠረጴዛውን መቱ። ሙህዲን ደብዳቤውን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸውና ወጣ። ውጭ አጥሩን ተደግፎ አሰበ። ሰሌዳዎቹን ቢሰብሯቸው ሌላ ጊደር የለውም። ቢሆንም ተመልሶ ይቅርታ የመጠየቅ ሐሳብ ወደ አእምሮው አልመጣም።

በሦስተኛው ቀን ሸምሱ መሰላል በጋሪ አስጭኖ መጣ። የሰፈሩ ሰው ወጣ፤ ዙቤይዳ የወተት ጣሳዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ሙህዲንና አሻ ጣሪያው ላይ ናቸው። አሻ በዕድሜዋ ጣሪያ ወጥታ አታውቅም፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ገና ባልተነሳው ቆርቆሮ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«እትዬ አሻ፣ ይውረዱ እንጂ። ይወድቃሉ» አለ ሸምሱ።

«ያን ጊዜ እናንተ ከላይ እኔ ከታች ነበርኩ» አለችው። «ዛሬ ከዚህ ሆኜ ልያችሁ።»

ሸምሱ አንገቱን ደፋ። ያን ቀን ከወጡት አንዱ እሱ ነበር።

ሰሌዳዎቹ እንዳይሰበሩ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይፍታቸው ተብሎ አንድ ቤት ከዳኝ በቀን ሥራ ተቀጥሮ መጥቷል። አብዶ ይባላል፤ ጎልማሳ፣ የአራት ልጆች አባት። ወዴት እንደሚሄድ አልነገሩትም ነበርና ቤቱን ሲያይ ደነገጠ። መዶሻ አያያዝ ያስተማረው ሙህዲን ነው። የአካባቢው ቤት ከዳኝ ሁሉ ከሙህዲን እጅ የወጣ ነው።

«ውጣ እንጂ!» አለው ሸምሱ።

አብዶ መሬት መሬቱን እያየ፣ «መፍቻ አልያዝኩም» አለ።

ሙህዲን ከላይ ሰማው። ከኪሱ መፍቻውን አውጥቶ ወረወረለት። «ይኸው መፍቻ! ውጣና ፍታው፣ አብዶ። እንጀራህን አልዘጋብህም።»

አብዶ መፍቻውን ከአቧራው አነሳና መሰላሉን ወጣ። በጉልበቱ ተንበርክኮ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ሙህዲን ፊቱን ወደ ጨፋ ሜዳ አዙሮ ጠበቀ። የብረት ሲጢጥታ ሰማ። አንዴ፣ ሁለቴ። ዞር ብሎ ሲያይ የአብዶ እጅ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው። እያጠበቀ ነው።

«ይቺኛዋ ላልታ ነበር፣ ጋሼ» አለ አብዶ። «ንፋስ ቢመጣ ያነሳብዎት ነበር።» ከዚያ ወረደና መፍቻውን ሸምሱ እጅ ላይ አኖረ። «እኔ አልፈታም። የምታገኙ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።»

ከታች ሳቅ ፈነዳ፤ ዙቤይዳ እልል አለች። ሸምሱ መፍቻውን አገላበጠ። ሌላ ከዳኝ ፍለጋ ከሚሴ ድረስ ቢሄድ የሚያገኘው ያንኑ መልስ እንደሆነ ገብቶታል። ራሱ ቢወጣ ደግሞ አሻ አለች። መፍቻውን ግድግዳው ሥር አስቀመጠ፤ «ለበላይ አሳውቃለሁ» ብሎ መሰላሉን ጋሪው ላይ አስጫነ። አሳውቆም ሊሆን ይችላል። ሁለት ማስጠንቀቂያ ከዚያ በኋላ መጣ፤ ሙህዲን ሁለቱንም ፈርሞ ተቀበለ፤ ሰሌዳዎቹም ባሉበት ቆዩ። ዙቤይዳ ባቲ ላከችና ለራሷ ስድስት ሰሌዳ አስመጣች።

ሐምሌ ሲገባ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ወረደ። ሲነጋ አንድ ቦታ ላይ ላስቲኩ ተላቆ ውሃ አስገብቶ ተገኘ፤ ያውም በሙህዲን መኝታ በኩል። አሻ ደረቅ አልጋዋ ላይ ሆና ሳቀችበት። እሱም እየሳቀ ላስቲክ ሊቆርጥ ሲወጣ፣ ከማል መምህር እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ በሩ ላይ ቆሞ አገኘው። ብብቱ ሥር የያዛቸው የተማሪ ደብተሮች በስብሰው ገጽ ከገጽ ተጣብቀዋል።

«ጋሽ ሙህዲን፣» አለ ከማል፣ «የኔን ቤት መጥተው ይለኩልኝ።»

አብረው ሄዱ። ሙህዲን ወጥቶ ወራጁን በጥፍሩ ጫር አደረገው፤ እንጨቱ እንደ እርጥብ ዳቦ ተፈረፈረ።

«ይሄ ሰሌዳ አይሸከምም። መጀመሪያ ወራጁ መቀየር አለበት።»

ከማል ከታች ሆኖ መንገዱን ግራና ቀኝ አየ። «እንጨት እኮ ክልክል ነው።»

«አዎ፣ ክልክል ነው» አለ ሙህዲን፣ የሜትሩን ጫፍ እያቀበለው። «እስቲ ጫፉን ያዝልኝ።»