በሁዳዴ የተከፈተው የዘፈን ቤት

በእስራኤል ካሉ የአማርኛ ዘፋኞች ሁሉ ታላቁ እኔ ሰይፉ ነኝ። ይህን የምለው ለመመካት አይደለም፤ ሰው እንዳይሳሳት ነው። ሠርግ ላይ ስዘፍን ሙሽራዋ ሙሽራውን ትታ እኔን ታያለች። ሙሽራውም አይቀየምም፤ እሱም የሚያየው እኔን ነውና።

ስለዚህ በፈረንጆቹ 2005 «ሰይፉ ብቻ» የሚባል የኢንተርኔት ዘፈን ቤት ስከፍት ማንም አልተገረመም። ሰው በየወሩ ትንሽ ከፍሎ ያሻውን ዘፈን በኮምፒውተሩ ያደምጣል። ሥራውን የሠራው የሚስቴ ወንድም ይታየው ነው፤ ለዚህ ሲል የመጋዘን ሥራውን ለቀቀ። ቢሮአችን ኢየሩሳሌም፣ ታልፒዮት ሰፈር፣ ከአንድ ጋራዥ በላይ ነበር። ሁለታችን አንድ ላይ ካልቆምንበት የፓርላማውን የክኔሴትን አዳራሽ ያህላል።

ተቀናቃኞች ነበሩን። የቴል አቪቩ ቤት ሁለት ሺህ ዘፈን አለው፤ የአሜሪካው በነፃ ያስደምጣል። እኛ አርባ አንድ ነበረን፤ አርባ አንዱም የእኔ።

በሦስተኛው ሳምንት ይታየው ከኮምፒውተሩ ቀና አለ።

«ጋሼ፣ አድማጮቻችን አሥራ ዘጠኝ ናቸው።»

«አሥራ ዘጠኝ ሺህ?»

«አሥራ ዘጠኝ። ሰባቱ አንተ ነህ።»

የመጋዘኑ አለቃም ደውሎለት ኖሯል፤ እስከ ግንቦት ካልተመለሰ ቦታውን ለሌላ ሊሰጥ። ይታየው ሦስት ልጆች አሉት።

የችግሩን ምክንያት የደረስኩበት እኔ ነኝ። ማለቴ ማሃኔ ይሁዳ ገበያ በርበሬ የምትሸጠው ዘቢደር ነገረችኝ።

«አንተ ሰው፣ የከፈትክበትን ቀን አታውቀውም? ሁዳዴ የገባ ዕለት እኮ ነው። የኢትዮጵያ ጎዳና ክርስቲያኖች እየጾሙ ዘፈን ይሰሙልሃል?»

«የኛዎቹ ቤተ እስራኤሎችስ?»

«የኛዎቹ ደግሞ ከፔሳሕ፣ ከፋሲካችን፣ ጀምረው ሰባት ሳምንት ዖሜር ይቆጥራሉ። ልጆቼ ትምህርት ቤት ተምረውት መጥተው፣ በዚያ ሰሞን ሙዚቃ አይሰማም ብለው ራዲዮኔን ያጠፉብኛል።»

ጎንደር አድጎ ሁዳዴን፣ ኢየሩሳሌም አሥራ አራት ዓመት ኖሮ ዖሜርን የረሳ ሰው ከእኔ ሌላ አይገኝም። በዚህም ቢሆን የሚስተካከለኝ የለም።

«ታዲያ ምን ይሰማሉ?»

«በገና። የዳዊት ነው፤ ጭፈራ አይደል፤ ማን ይከለክለዋል? ሂድና ለይኩንን ለምነው።»

ለይኩን የኢትዮጵያ ጎዳናው ቤተ ክርስቲያን በር ጠባቂ ነው። በገና ሲደረድር አቻ የለውም። እኔ ግን የበገናውን ድምፅ በየመድረኩ «ጠርሙስ የገባ ዝንብ» እያልኩ ሕዝብ ሳስቅበት አሥር ዓመቴ ነው።

በሩ ላይ አገኘሁት።

«ዝንቡን ልትሰማ መጣህ?» አለኝ።

«ጋሽ ለይኩን፣ ቀልድ ነበር።»

«እኔም ስቄያለሁ። ምን ፈለግህ?»

ስለ ዝናዬ ስጀምርለት እጁን አነሳ። ስለ ይታየው ልጆች ስነግረው ግን እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

«እደረድርልሃለሁ፤ ክፍያ አልሻም» አለ። «ግን በገና ጸሎት ነው። እዚያ ገጽ ላይ የተደረደረው ጥርስህ ይነሳ።»

«ፎቶዬ?»

«እሱም፣ ስምህም። ሰው ሊጸልይ መጥቶ በአንተ ይስቃል።»

ፎቶው ላይ ነጭ ሱፍ ለብሼ ነበር። እንዲያ ያለ ፎቶ በዓለም ላይ ሁለት የለም። ከዚያ እስከ ታልፒዮት በእግሬ ስሄድ ሦስት ጊዜ እሺ፣ አራት ጊዜ እምቢ አልኩ።

«አጥፋው» አልኩት ይታየውን።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ወደ መስኮቱ ዞሬልሃለሁ። ቶሎ በል።»

ሆሳዕናና ፔሳሕ በገጠሙበት ሳምንት አድማጩ አራት መቶ አለፈ። ከቃታሞኒም ሰፈር ሽማግሌዎች፣ ከኢትዮጵያ ጎዳና ዲያቆናት፣ የዘቢደር ልጆች ሳይቀሩ ገቡ። ሁሉም የሚያደምጡት ለይኩንን ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ተሳስቶ እኔን ነክቶ ወጣ።

ይታየው ወደ መጋዘኑ ደውሎ ቦታውን ለሌላ ስጡት አለ። አለቃው ታዲያ ማን ቀጠረህ ሳይለው አልቀረም፤ ይታየው ስልኩን በእጁ ሸፍኖ ወደ እኔ ዞረ፣ ስሜን መጥራት ይፈቀድ እንደሆነ ግራ ገብቶት።

«ንገረው» አልኩት። «ስልክ ላይ ጸሎት የለም።»