የቅዳሜ ትርፍ ሰዓት

ሰፈሩ «ኬላ» ይላታል። ሳትፈትሽ የምታሳልፈው ነገር የለማ፤ የጎረቤት ዘንቢል እንኳ በዓይኗ ሳይበረበር በደጇ አያልፍም። እንዲህ ያለችው ሴት ታዲያ የገዛ ባሏ ሦስት ወር ሙሉ ሲዋሻት አለማወቋ ምን ይባላል? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው መቼም።

ባሏ የቶርኖ ባለሙያ ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ብረት ሲቀርጽ የኖረ። ፋብሪካውን ሰው ሁሉ «ቧንቧ ፋብሪካ» ይለዋል። የሚሠራው የኒውክሌር ሚሳኤል ቀፎ መሆኑን ግን ሕፃኑም ሽማግሌውም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም እንጂ። የሚኖሩበት ቤትም የፋብሪካው ነው። ከሥራ የተባረረ ሰው በወሩ ቁልፉን ያስረክባል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን በልቶ «ትርፍ ሰዓት አለብኝ» ይልና ይወጣል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ከቶርኖ የመጣ ሰው ጥፍሩ ሥር የብረት ብናኝ አይጠፋም፣ ሸሚዙም ዘይት ዘይት ይላል። የሱ ሸሚዝ ላብ ብቻ ነው የሚሸተው፤ ጫማው አቧራ ለብሶ ይመጣል። አንድ ቅዳሜ ጭራሽ እያነከሰ ገባ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ቆሜ ስሠራ ዋልኩ።»

«ቁጭ ብለህ የሠራህበት ቀን ነበር እንዴ?»

ጀርባውን ሰጥቷት ጫማውን ፈታ። ሴት ይዟል፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ዓርብ ዕለት ወደ ፋብሪካው በር ሄደች። በዚያ ሰፈር ባሏን የጠረጠረች ሴት ሁሉ መጀመሪያ የምትሄደው ሰዓት ተቆጣጣሪው ዘንድ ነው። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ እሱ ነው የሚያውቀው።

«የቶርኖ ክፍሎች የቅዳሜ ትርፍ ሰዓት ስንት ሰዓት ነው የሚያልቀው? ባሌ እያመሸብኝ ነው» አለችው።

«ቅዳሜማ ማሽን አይነሳም። ትርፍ ሰዓት ከቆመ እኮ ሦስት ወሩ ነው።»

ከኋላው አግዳሚ ላይ የተቀመጠው የጥበቃ ኃላፊ ጋዜጣውን አጠፈ። «እና ወዴት ነው የሚሄደው፣ እህቴ?» አላት። ድምፁ ማር ነው።

«እኔስ እሱን አይደል የምፈልገው? በባቡር ጣቢያው በኩል ነው የሚሄደው።»

የተናገረው ንዴቷ ነበር። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

በማግስቱ በሻርፗ እስከ ግንባሯ ተሸፋፍና ተከተለችው። ጣቢያው ፊት ለፊት፣ አደባባዩ ላይ፣ አርባ ያህል ሰው ቆሟል። ባሏ ማንንም ሳያይ ቀይ ኮፍያ ወዳደረገች ሴት ቀጥ ብሎ ሄደ። ሴትየዋ ሳቀችለት። «ይቺ ናት» አለች ኬላ በሆዷ። ሴትየዋ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጣችና አንዱን ጫፍ ለሱ ሰጥታ ሌላውን ራሷ ያዘች። ሲዘረጋ እንዲህ ይላል፦ «የኒውክሌር ቦምብ ከምድር ይጥፋ። ለሰላም አብረን እንራመድ።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ለካ ሰውየው በየቅዳሜው ከተማውን በእግሩ ሲያዳርስ ነው የከረመው። ሳቋ መጣ፤ ደስም አላት። ቀና ስትል ግን ክው አለች። ከመንገዱ ማዶ፣ ከፋርማሲው ደጃፍ፣ የጥበቃ ኃላፊው ስልኩን አንስቶ ሰልፈኛውን ከኋላ ጀምሮ አንድ በአንድ ፎቶ ያነሳል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይሉ የለ? የቀደደችው እሷ ናት።

ሮጣ ባሏ ላይ ደረሰች።

«ጨርቁን ልቀቅና በዚያ ቅያስ ሂድ። የጥበቃ ኃላፊው ማዶ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ከየት መጣሽ?»

«እሱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሴት ይዟል ብዬ በር ላይ ጠየቅኩ። ሂድ፣ እሱ ገና አንተን አላየም፤ ቤታችንን ይወስዱታል።»

ማዶውን አየ። እርምጃውን ግን አላቋረጠም።

«በነዚህ እጆቼ ስንቱን ቀፎ ቀረጽኩ» አላት። «ቅዳሜ ይህችን ጨርቅ ካልያዝኩ ሰኞ ማሽኑ ፊት መቆም አቅቶኛል።»

«ታዲያ ለኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ይህን ሁሉ ዓመት አብሬህ ኖሬ?»

ያን ጊዜ ነው ዞሮ ያያት።

«ጠርጥሬሽ ነዋ። ቤቱን ትመርጫለሽ ብዬ ፈራሁ። ሄደሽ ትነግሪያቸዋለሽ ብዬም ፈራሁ።»

ሊያስቀይማት ብሎ አልነበረም የተናገረው፤ ያቃጠላትም ይኸው ነው። እሷ ስትፈትሸው የኖረች ሲመስላት እሱም በዝምታው ሲፈትሻት ከርሟል፤ እሷም ፈተናውን ወድቃለች። ጎን ለጎን ጥቂት ተራመዱ።

«ትናንት ብትነግረኝ ቤቱን እመርጥ ነበር» አለችው በመጨረሻ።

«ዛሬስ?»

የጥበቃ ኃላፊው መንገዱን ተሻግሮ ከፊታቸው ቆሟል። ኬላ ሻርፗን ከራሷ አወረደች፤ በባሏና በባለ ቀይ ኮፍያዋ መካከል ገብታ የረገበውን ጨርቅ በሁለት እጇ ያዘች።

«ዛሬማ ፈርቻለሁ» አለችው። «ብቻህን ግን አትሄድም።»

ኃላፊው ሦስቱንም አንድ ላይ ፎቶ አነሳቸው።