አየር ከጅቡቲ

ሙህዲን ከሚሴ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሯል። ዋና ግን አይችልም። ቦርከና ወንዝ ሞልቶ የጨፋን ሜዳ ሲያለብሰው፣ ዘመድ ለመጠየቅ መሄድ ቢኖርበት እንኳ ውሃው እስኪጎድል ሳምንት ይጠብቃል እንጂ ሱሪውን ሰብስቦ አይሻገርም። ፍርሃቱን ማንም እንዲያውቅበት አይፈልግምና "ጉንፋን ይዞኛል" ይላል።

ልጁ ነጅዋ ግን በማን እንደወጣች አይታወቅም። ጅቡቲ ውስጥ ሥራዋ ቱሪስቶችን የአየር ሲሊንደር እያሳዘለች ባሕር ውስጥ ማስጎብኘት ነው። አራት ዓመት ሠርታበታለች። ለሰፈሩ "አስጎብኚ ናት" ይባላል፤ ከውሃ በታች የሚለው አይነሳም። ዘንድሮ ለእረፍት ስትመጣ ዕቃዋን ሁሉ በሁለት ትልልቅ የጀርባ ቦርሳ ጭና መጣችና "አርዲቦ ሐይቅ በእግሬ ወጥቼ ልጠልቅ ነው" አለች።

"ብቻሽንማ አትሄጂም" አለች እናቷ ዘሊካ። "አባትሽ አብሮሽ ይሂድ።"

"ጉንፋን…" ብሎ ጀመረ ሙህዲን።

"ጉንፋኑንም ይዘኸው ሂድ።"

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ደረሱ። የሚኒባሱ ረዳት ከቦርሳው ብቅ ያለውን ሲሊንደር ሲያይ እጁን ሰበሰበ።

"ቡታጋዝ አልጭንም።"

"ጋዝ አይደለም፤ አየር ነው" አለች ነጅዋ።

"የምን አየር?"

"እንዲሁ አየር። የምንተነፍሰው።"

ረዳቱ ሙህዲን ያስተማረው ልጅ ነበር። ወደ እሱ ዞረ። "መምህር፣ እውነት ነው እንዴ? አየር ከጅቡቲ ድረስ ታስመጣላችሁ? የከሚሴ አየር ምን ሆነ?"

"የከሚሴማ አቧራ አለበት" አሉ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ፤ መኪናው በሙሉ ሳቀ። በመጨረሻ ሲሊንደሩ እንደ ሕፃን በአባትና በልጅ ጭን ላይ ተጋድሞ ደሴ ገባ። ከዚያ ሌላ መኪና ይዘው ሐይቅ ከተማ ወረዱ።

ወደ አርዲቦ የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። ሙህዲን ልጁ ሰው እያያት ከባዱን እንድትሸከም ስላልወደደ ሲሊንደሩን አዘለ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ በየአሥር እርምጃው ይቆም ጀመር። ነጅዋ ቆም ብላ ቦርሳውን ከትከሻው ላይ ተቀበለችው፤ እሱም ቀላሉን ያዘ። መንገደኛ ሲያጋጥማቸው ብቻ ሙህዲን ከፊት ከፊት ይራመድ ነበር።

ሐይቁ ዳር አብዱልጀባር የሚባል ዓሣ አጥማጅ መረቡን እየጠገነ አገኙት። ነጅዋ ቁጥቋጦ ጀርባ ሄዳ የመጥለቂያ ልብሷን ለብሳ ወጣች። ጥቁሩ ልብስ ከቁርጭምጭሚት እስከ አንገቷ ይሸፍናል፤ ከልብሱ ጋር አብሮ የተሠራውን ኮፍያ ስታጠልቅ ፊቷ ብቻ ቀረ። ሙህዲን ከከሚሴ ጀምሮ በልቡ ይዞት የመጣውን አንድ ጭንቀት እዚያው ጣለው። ሌላው ጭንቀት ግን ነበረ። ልጅቱ ውሃው ውስጥ ገብታ ጠፋች። ላዩ ላይ ቡልቅ ቡልቅ የሚል አረፋ ብቻ ቀረ።

"ልጅቱ ምን ወድቆባት ነው?" አለ አብዱልጀባር።

"ምንም አልወደቀባት። ልታይ ነው።"

"ምኑን?"

"ውሃውን።"

"ውሃውማ ከዚህም ይታያል።"

ሙህዲን ዓይኑን ከአረፋው ላይ አልነቀለም። አረፋው ወደ ግራ ሲሄድ እሱም ዳር ዳሩን ወደ ግራ ሄደ። አረፋው ደንገል ከበቀለበት ዘንድ ደረሰና ጠፋ። ሙህዲን ጠበቀ። ምንም የለም።

"ነጅዋ" አለ። ቀስ ብሎ ነው የጠራት፤ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው እንደማይሰማ ያውቃል። ስልኩን አብዱልጀባር እጅ ላይ አኖረና ከነሱሪው፣ ከነጫማው ገባ። ውሃው ከጉልበቱ አለፈ፤ ከወገቡም አለፈ። ደረቱ ላይ ሲደርስ ከደንገሉ በስተጀርባ ጥቁር ራስ ብቅ አለ።

"አባ? ምን ልታደርግ ነው የገባኸው?"

"ላወጣሽ።"

"ዋና መቼ ቻልክና?"

ሙህዲን የቆመበትን ያስተዋለው ያን ጊዜ ነው። ነጅዋ ልትስቅ ትችል ነበር፤ አልሳቀችም። ቀረበችና ክንዱን ያዘች።

"ሂን ሶዳቲን፣ አባ። አትፍራ። ከገባህ አይቀር አንዴ እይ።"

ከሲሊንደሩ የሚወጣ ሁለተኛ ቱቦ ነበራት፤ ለክፉ ቀን ተብሎ የሚያዝ። አፉ ላይ አደረገችለት። ትርፉን የውሃ መነጽርም አጠለቀችለት። "ትንፋሽህን ፈጽሞ እንዳታቆም። መውጣት ስትፈልግ አውራ ጣትህን ወደ ላይ አሳየኝ" አለችው። ሙህዲን መጀመሪያ ፊቱን ብቻ ነከረ። ተነፈሰ። የገባለት ውሃ ሳይሆን አየር ነበር፤ የጎማ ጣዕም ያለው የጅቡቲ አየር። ከዚያ ልጁ ክንዱን እንደያዘች ተንበረከከ፤ ውሃው ራሱ ላይ ተከደነ።

ከታች አሸዋው ላይ እንደ ሰፌድ የተደለደለ ጎድጓዳ ነበር። እዚያ ላይ አንዲት ቆሮሶ ዓሣ ቆማለች፤ ዙሪያዋን የምስር ፍሬ የሚያካክሉ ልጆቿ ይርመሰመሳሉ። የሰዎቹ ጥላ ሲያርፍባት እናትየዋ አፏን ከፈተች። ልጆቹ ተንጋግተው ገቡ። አፏን ዘጋች፤ ጉንጮቿ ተነፍተው ዞር አለች። ሙህዲን ይህን ነገር ለስንት ክፍል ተማሪ በጠመኔ ስሎ አስተምሯል። አንድም ቀን ከልቡ አምኖት እንደማያውቅ ገና አሁን ገባው። ደስታው አላስችል ቢለው አውራ ጣቱን ቀና አድርጎ ለልጁ አሳያት። ነጅዋ ወዲያው ጎትታ አወጣችው።

"ለምን አወጣሽኝ?"

"አውራ ጣትህን አሳየኸኛ!"

"ደስ ብሎኝ ነው እኮ!"

ተመልሰው ገቡ። ሦስት ጊዜ ገቡ። ሲወጡ አብዱልጀባር ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ጠበቃቸው።

"ጋሼ፣ ከቤት ተደውሎልዎ ነበር። 'የት ነው?' አለችኝ፤ 'ውሃ ውስጥ ገብተዋል' አልኳት። 'ወጣ ወይ?' አለች፤ 'ኧረ አልወጡም' አልኳት። 'ልጅቱስ?' ብትለኝ 'እሷም' አልኩ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።"

"ምነው እንዲያ አልካት?"

"እውነቱን ነዋ፤ አልወጣችሁም ነበር።"

ሙህዲን ደወለ፤ ተይዟል። ዳገቱን እየሮጡ ወርደው ከተማ ሲገቡ ዘሊካ ቤት ረስታው የሄደችውን ስልክ ጎረቤት አነሳላቸው፤ እሷና የሰፈሩ ሴቶች መኪና ተኮናትረው ከወጡ ቆይተዋል። ምን ያድርጉ? አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብለው ጠበቁ። የአሱር ሶላት ሲደርስ ሚኒባሱ መጣ። ዘሊካ ወረደች፤ እህቷ ፋሪዳና አምስት ጎረቤቶች ተከተሏት፤ የሁሉም ዓይን በለቅሶ አብጧል። ዘሊካ ልጇን አቅፋ "አልሐምዱሊላህ" አለች። ባሏን ግን በሻሿ ጫፍ ትከሻው ላይ መታችው።

"ሱሪህ ረጥቧል።"

"ዘሊካ፣ እኔ ዋና አልችልም። ውሃ እፈራለሁ" አለ ሙህዲን። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገሩ ለራሱም ገረመው።

"እሱን ከተጋባን ጀምሮ አውቀዋለሁ። እሷን እንድትጠብቅ የላክሁህ መሰለህ? አንተን ዳር ላይ ትታ ሩቅ እንዳትሄድ ብዬ ነው።"

ነጅዋ ፊቷን አዙራ ሳቀች። ፋሪዳም ሳቀች፤ ጎረቤቶቹም ተቀበሏት። ለለቅሶ ከከሚሴ ድረስ መጥቶ ባዶ እጅ መመለስ ደግሞ ደግ አይደለም ተባለና፣ ቅርቡ የሐይቅ ከተማ ሐይቅ ስለሆነ ሁሉም ወደዚያ ወረዱ። ነጅዋ መነጽሯን ለእናቷ አጠለቀችላት። ዘሊካ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ ጎንበስ አለችና ፊቷን ውሃው ውስጥ ነከረች።

"ጭቃ ብቻ ነው" አለች ቀና ብላ። ሴቶቹ መነጽሩን ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ። ዘሊካ ግን መልሳ ጎንበስ አለች።