ፍቅርአዲስ ነው ወይስ ናት?

ያለምወርቅ ደብረ ማርቆስ ከተማ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ናት። ከሥራዋ ጎን በቴሌግራም «የእናት ጓዳ» የሚባል የነፍሰ ጡሮችና የአራሶች ግሩፕ ታስተዳድራለች። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሴቶች አሉበት። ከሐኪም ፊት ቀርበው ለመናገር የሚያፍሩትን ሁሉ እዚያ ይጽፉታል፤ ስለ ደም መፍሰስ፣ ስለ ጡት ቁስለት፣ ስለ ባል ዱላ ሳይቀር። ስለዚህም ከላይ አንድ ሕግ ተጽፎበታል፤ ወንድ አይገባም።

ሕጉ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተጥሷል። ከአምስት ወር በፊት ራሱን «ወንጌላዊት» ብሎ የሰየመ ሰው ገብቶ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ «እህቶቼ» እያለ ሲጫወት ከረመ። አንዲት የቁይ ከተማ ሴት ስለ ባሏ የጻፈችውን ስክሪንሾት አድርጎ ለዚያው ለባሏ ላከለት። ሴትዮዋ ክንዷ ተሰብሮ ስትመጣ የተቀበለቻት ያለምወርቅ ነበረች። ያንን ሰው ያስገባችውም እሷው ነበረች። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው በራሷ እጅ አስገብታ አታውቅም።

ሁለተኛዋ አድሚን ሶልያና ትባላለች። ከአዳማ ተመድባ የመጣች የአማርኛ መምህርት ስትሆን፣ የመጀመሪያ ልጇን ያዋለደቻት ያለምወርቅ ናት። ከወንጌላዊት ጉዳይ በኋላ የበር ጠባቂነቱን ሥራ የያዘችው ሶልያና ናት። አዲስ የገባ ሰው አጻጻፍ አይታ ወንድ ይሁን ሴት እለያለሁ ትላለች፤ ደግሞም ሁለት አስመሳዮችን እንዲሁ በአጻጻፋቸው ይዛ አስወጥታለች። ሴቶቹ ያምኗታል።

ማክሰኞ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዚያው ቀን ከገባ «ፍቅርአዲስ» ከሚል አካውንት ግሩፑ ላይ አንድ መልእክት መጣ። ፕሮፋይሉ ላይ ያለው ፎቶ የቦራ ፈረስ ነው። ሰላምታ እንኳ የለውም።

«ስምንት ወሬ ነው። ራሴን ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ይፈልጠኛል። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። ፊቴና እጄ አብጧል። ጤና ኬላ ሁለት ቀን ሄጄ ዝግ ነው። ምን ላድርግ?»

ያለምወርቅ መልስ ልትጽፍ ስትል ሶልያና ደወለችላት። ቆይ አትመልሺ አለቻት። አንደኛ፣ ፍቅርአዲስ የወንድም የሴትም ስም ነው፤ መደበቅ የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው እንዲህ ያለውን ነው። ሁለተኛ፣ በፈረስ ፎቶ የምትገባ ነፍሰ ጡር አይታ አታውቅም። ሦስተኛ፣ ሌሎቹ ሴቶች ሲገቡ እንደምን ዋላችሁ ሳይሉ፣ ሳያፍሩ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳይሄዱ አይጠይቁም፤ ይኼ ግን ማመልከቻ የሚያስገባ ነው የሚመስለው።

«በአማርኛ ‹እኔ› ሲሉ ወንድም ሴትም አይታወቅም፤» አለች ሶልያና። «አመመኝ፣ ሄድኩ፣ መጣሁ ብሎ አንድ ዓመት ሊጽፍ ይችላል። የሚያጋልጠው ሌላ ሰው ሲጠራው ነው። ትንሽ እናናግረው።»

ያለምወርቅን የከነከናት ሌላ ነገር ነበር። በዐሥር ዓመት ሥራዋ የእነዚህን ምልክቶች ስም ከአንዲት ታካሚ አፍ በወጉ ተደርድረው ሰምታ አታውቅም። ራስ ምታት፣ የዓይን ብልጭታ፣ የፊት እብጠት፤ ሁልጊዜ አንድ በአንድ ጎትታ የምታወጣቸው እሷ ናት። ይኼ ከመማሪያ መጽሐፍ የተገለበጠ መሰላት። እውነት ከሆነ ግን የደም ግፊት ነው፤ በሰዓታት ውስጥ እናትንም ልጅንም ይዞ የሚሄድ ዓይነት። ሁለቱን ሐሳብ አንድ ላይ ይዛ ተቀመጠች።

ሶልያና ግሩፑ ላይ ጻፈች፤ «እህቴ፣ ለማረጋገጥ ያህል አጭር ቮይስ ላኪልን።»

ሃያ ደቂቃ አለፈ። ከዚያ መልስ መጣ።

«ኔትወርኩ ቮይስ አያሳልፍም፤ ሦስት ጊዜ ሞከርሁ። ራሴን በጣም እያመመኝ ነው። አባቴ እንኳ አይቶኝ ‹ፊትህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያበጠው› አለኝ። ከእንዳላማው ወፍጮ በላይ ነኝ። ወደ ሮብ ገበያ ከተማ የሚሄድ መኪና ዛሬ የለም።»

«ፊትህ» የምትለዋ ቃል ግሩፑን አነደደችው። አንዷ «ተያዘ!» ብላ ጻፈች። ሌላዋ «ጢምህስ አላበጠም?» አለች። ሣቁ ሲበዛ ቁጣውም አብሮ በዛ፤ ወንጌላዊት ነኝ ያለው ሰውም ያኔ ቮይስ ላኪ ሲባል በኔትወርክ አመካኝቶ እንደነበር አንዷ አስታወሰች። ፍቅርአዲስ «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ጻፈ፤ ወይም ጻፈች። ማንም አልመለሰም። በመጨረሻ ክንዷ ከተሰበረበት ቀን ጀምሮ አንዲት ቃል ጽፋ የማታውቀው የቁይዋ ሴት ብቅ አለች።

«አስወጡልኝ።»

ያለምወርቅ ይህን ስታነብ እጇ አላመነታም። ስሙን ነክታ አስወጣችው። ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ነበር። ሶልያና ደውላ አመሰገነቻት፤ ያለምወርቅ ግን እራቷን ሳትነካ አነሣችው።

በማግሥቱ ረቡዕ ጠዋት፣ የክትትል ካርድ እየደረደረች ሳለ እናቷ ከትውልድ አገሯ ከይጁቤ ደወሉ። በየጠዋቱ ይደውላሉ።

«እንዴት አደርህ ልጄ? ቁርስህን በልተሃል? ድምፅህ ምነው ዛሬ?»

ያለምወርቅ ደህና ነኝ ልትል ስትል «በልተሃል» የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። ከተወለደች ጀምሮ እናቷ ሲያቆላምጧት እንዲህ ነው የሚጠሯት፤ አባቷም በሕይወት ሳሉ እንዲሁ ነበሩ። የገጠር ሰው የወደዳትን ሴት ልጁን አንተ ይላል። ኮሌጅ ስትገባ የዶርም ጓደኞቿ ስልኳን ሰምተው ስለሣቁባት፣ ከእናቷ ጋር ስታወራ ወደ ውጭ መውጣት ለምዳ ነበር። ጆሮዋ ከልምድ ብዛት ቃሉን መስማት ትቶ ነበር።

«እማዬ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ፤» አለችና ዘጋችው።

ቴሌግራሙን መልሳ ከፈተች። ለፍቅርአዲስ በግል ጻፈችላት፤ «አሁኑኑ ሐኪም ጋ መሄድ አለብሽ፣ ስልክ ቁጥርሽን ላኪልኝ።» መልእክቱ አልደረሰም። አካውንቱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ትናንት አመሻሽ ላይ፣ ከግሩፑ ከወጣች ከዐሥር ደቂቃ በኋላ ነው። ያለምወርቅ የቀሩትን መልእክቶች ደግማ አነበበች። የያዘችው አራት ነገር ብቻ ነበር፤ ፍቅርአዲስ የሚል ስም፣ የአባት ቤት፣ የእንዳላማው ወፍጮ፣ ሮብ ገበያ።

ሮብ ገበያ ባለበት ወረዳ ወደምታውቀው ሰው ደወለች፤ እሱ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን የእቴናትን ቁጥር ሰጣት። እቴናት ሁለት ቀን ሙሉ ለኩፍኝ ክትባት ዘመቻ ወጥታ ነበር፤ ጤና ኬላው የተዘጋው ለዚህ ነው። አሁንም በሮብ ገበያ ከተማ የገበያው መግቢያ ላይ ድንኳን ጥላ እየከተበች ነበር። ያለምወርቅ ጉዳዩን ስትነግራት፣ በእኔ መዝገብ ፍቅርአዲስ የምትባል ነፍሰ ጡር የለችም አለች። አንድ ፍቅርአዲስ ዲያቆን ነው፤ አንዱ ደግሞ የሰባት ልጆች አባት።

«ለመውለድ ወደ አባቷ ቤት የመጣች ልትሆን ትችላለች፤» አለች ያለምወርቅ። «የተመዘገበችው ባሏ ቀበሌ ይሆናል። ወፍጮውን ታውቂዋለሽ?»

«የአርባ ደቂቃ መንገድ ነው፣ ሲስተር።»

«የግፊት መለኪያሽን ይዘሽ ሂጂ። አምቡላንስ እኔ እጠራለሁ።»

ያለምወርቅ አምቡላንስ ነጂውን ጌቱን አግኝታ ላከችው። ረቡዕ የገበያ ቀን ነው፤ መንገዱ በእህል ጭነትና በከብት እንደሚሞላ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ደቂቃዎች ወረፋ የያዙ ሴቶችን ሆድ እየዳሰሰች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል አሳለፈቻቸው። አንዲት ነፍሰ ጡር «ሲስተር፣ የኔ ነገር ደኅና አይደለም እንዴ?» ብላ ደነገጠችባት።

ስልኩ ሲጮህ እቴናት ቁና ቁና እየተነፈሰች ነበር።

«ሲስተር፣ ከወፍጮው በላይ ያሉት ቤቶች ሦስት ናቸው። ሁለቱን አየሁ፤ የለችም። በሦስተኛው አያ አበባው የሚባሉ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ አሉ። ግን ወንድ ልጅ ነው የታመመባቸው። ‹ልጄ ራሱን አሞት ከትናንት ጀምሮ ተኝቷል፣ አትቀስቅሽብኝ› ነው የሚሉኝ። ወደ ሌላው ሰፈር ልሂድ?»

«አትሂጂ፤» አለች ያለምወርቅ። «ግቢ። ሰውየው የሚሉትን ተዪና በዓይንሽ እዪ።»

የበር መንገጫገጭ ተሰማ። የሽማግሌው ድምፅ፣ የእቴናት «ይቅርታ አባባ፣ ይፍቀዱልኝ» ማለት፣ ከዚያ የእግር ኮቴ። ያለምወርቅ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ገብታ በሩን ዘጋች።

«አለች፤» አለች እቴናት። «ሴት ናት። ሆዷ ገፍቷል። ዓይኗ ተከፍቷል ግን እኔን አታየኝም። ግፊቷ … ሲስተር፣ መቶ ሰማንያ ከመቶ ሃያ ነው።»

አምቡላንሱ ገና ከገበያው አልወጣም። ጌቱ ጥሩንባ እየነፋ የከብቱን መንጋ እየሰነጠቀ እንደሆነ ነገራት። ያለምወርቅ እቴናትን ወደ ግራ ጎኗ አስተኚያት፣ ብርሃን ቀንሺ፣ የሚበላም የሚጠጣም አትስጪ ስትል እያለ፣ በስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ፤ ሽማግሌውም «ማርያም፣ ማርያም» ማለት ጀመሩ።

«እየተንቀጠቀጠች ነው!»

«አፏ ውስጥ ምንም አታስገቢ። ራሷን ብቻ ከመሬቱ ጠብቂ። ቁጠሪ፤ ጮክ ብለሽ ቁጠሪልኝ።»

እቴናት ቆጠረች። ያለምወርቅ ግንባሯን በመድኃኒት መደርደሪያው ላይ ደግፋ አብራት ቆጠረች። መቶ ሰባ ላይ ሲደርሱ መንቀጥቀጡ ቆመ። ትተነፍሳለች ወይ ብላ ጠየቀች። መልሱን የጠበቀችውን ያህል በሕይወቷ ምንም ነገር ጠብቃ አታውቅም።

«ትተነፍሳለች።»

ጌቱ የደረሰው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። መኪናው ከወፍጮው ስለማያልፍ፣ የወፍጮ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሰዎች በቃሬዛ አወረዷት። በመንገድ ላይ ባለ ጤና ጣቢያ መርፌ ተወግታ፣ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ስትደርስ ሁለተኛ ጊዜ አንቀጠቀጣት። ወዲያው በቀዶ ጥገና ወለደች። ሕፃኗ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ብትመዝንም አልቅሳለች። እናቲቱ ግን ሁለት ቀን ሙሉ አልነቃችም።

ያለምወርቅ በእነዚያ ሁለት ቀናት ሥራዋን ስትጨርስ ሆስፒታል ትሄዳለች። ሽማግሌው ኮሪደሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው ታገኛቸዋለች። ማንነቷን ሲጠይቋት በስልክ የረዳሁ ነርስ ነኝ አለቻቸው። ተነሥተው እጇን ሊስሙ ሲሉ እሷ እጇን ነጠቀች። ማታ ማታ ሶልያና ትደውልና ታለቅሳለች፤ የእኔ ጥፋት ነው ትላለች። ያለምወርቅ ግን የአንቺ ስሕተት ባለማወቅ ነው፣ እኔ ግን አውቅ ነበር ብላ ትመልስላታለች።

ዓርብ ፍቅርአዲስ ነቃች። ያለምወርቅ ስትገባ አልጋዋ ላይ ደገፍ ብላ ነበር፤ ምላሷን ነክሳው ስለነበር ቃሏ ይጎተታል። ዐሥራ ዘጠኝ ወይም ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ባሏ ደምለው ባሕር ዳር ግንባታ ላይ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ሲሆን፣ ስልኩም በፈረሱ ፎቶ የከፈተው አካውንትም የሱ ስጦታ እንደሆነ ነገረቻት። ከሰኞ ወዲህ ያለውን አንዳች አላስታውስም አለች። ጤና ኬላው በር ላይ መቆሟ ይታወሳታል፤ ከዚያ በኋላ ይኼ አልጋ።

ያለምወርቅ ይህን ስትሰማ ለአፍታ ዕፎይ ማለት ቃጣት። ማንም አልከሰሳትም፤ የተበደለችው እንኳ በደሏን አታውቅም። ስልኩ አጠገቧ ትራሱ ላይ አለ፣ ባትሪው ሞቷል። ዝም ብትል ዝም ብሎ የሚቀር ነገር ነው።

ወንበር ስባ ተቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻት። ማክሰኞ መጻፏን፣ ምልክቱን በሙሉ በትክክል መናገሯን፣ አባቷ ያሏትን ቃል መጥቀሷን፣ ሴቶቹ መሣቃቸውን፣ በመጨረሻ ማን እንዳስወጣት። ስለ ቁይዋ ሴት ክንድም ነገረቻት፤ ግን እንደ ማመካኛ እንዳይመስልባት በአጭሩ ነበር።

ፍቅርአዲስ ራሷን ከትራሱ ቀና አደረገች።

«ወንድ መስዬአችሁ ነው?»

«አዎ።»

«ወንድ ብሆንስ ኖሮ?» አለች ቀስ ብላ። «ደምለው ቢሆንስ ኖሮ? ሚስቴን ራሷን አመማት ብሎ የጠየቀ ደምለው ቢሆን፣ እኔ ያው አልነበርሁም የምሞተው?»

ያለምወርቅ በሩን ለምን እንደዘጉ የሚያስረዳ ብዙ ነገር ነበራት፤ እውነትም ነበር። ለዚህ ጥያቄ ግን አይሆንም።

«አልመለስሁልሽም፤» አለች ብቻ። «መጀመሪያ መመለስ ነበረብኝ።»

በዚያው ማታ ግሩፑ ላይ የሆነውን ሳትቀንስ ጻፈች። አንዳንዶቹ ይቅርታ ጠየቁ፤ «ጢምህስ» ያለችው ሴት ምንም ሳትጽፍ ወጣች። የሕመም ጥያቄ ለሚመጣ ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በግል የሚመለስበት ቁጥር ይከፈት የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙዎቹ ተስማሙ። የቁይዋ ሴት ለልጅቷ ማርያም ትማርሽ አለችና፣ እዚህ ያለው በር ግን ለወንድ ከተከፈተ እኔ አልቆይም ብላ ጨመረች። ያለምወርቅ ለሁለቱም ወገን ፈረደችላቸው። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም።

ፍቅርአዲስ ከሆስፒታል የወጣችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሶልያና መኪና ተከራይታ መጣች፤ ከልጅቷ ፊት ስትቆም ግን ያሰበችውን ንግግር ትታ ቦርሳውን ተሸከመች። ያለምወርቅ ሕፃኗን አቅፋ እስከ መኪናው ሸኘቻቸው። ወደ ግሩፑ ልመልስሽ ወይ ብላ ጠየቀቻት።

«ይቅር፤» አለች ፍቅርአዲስ። «የአንችን ስልክ ስጭኝ። እዚያ ግን አልገባም።»

ያለምወርቅ ቁጥሯን በወረቀት ጽፋ ሰጠቻት። ፍቅርአዲስ ወረቀቱን አጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችና ልጇን ተቀብላ መኪናው ውስጥ ገባች።