መዋጥ የፈራችው ምግብ አብሳይ

በአንድ ፋብሪካ ምግብ ቤት የምታበስለውን ሴት ሠራተኞቹ «ቅመሱልኝ» ይሏታል። ጭልፋዋን ይዛ አላፊ አግዳሚውን ሳታስቀምስ አታሳልፍም ነበርና።

አንድ ቀን ምሳ ላይ አንድ ዕቃ ጫኝ እየሳቀ ሲበላ ሥጋ ጉሮሮው ላይ ተሰነቀረበት። ፊቱ ጠቆረ፤ ዓይኑ ፈጠጠ። ጓደኞቹ ጀርባውን ደብድበው አስተፉት። ሰውዬው በማግስቱ መጥቶ፣ «የትናንቱን ሥጋዬን የት አደረስሽው?» ብሎ ቀለደባት። እሷ ግን መሳቅ አቃታት። ሥጋውን የቆረጠችው በገዛ እጇ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አላት። ገና ስታላምጥ ልቧ ድው ድው ይላል፤ ጉሮሮዋ ጥርቅም ይላል። ለባሏ «ሥራ ቦታ በልቻለሁ» ትለዋለች፤ ሥራ ቦታ ደግሞ «ከቤት በልቼ ነው የመጣሁት»። የምታበስለውን በምላሷ ጫፍ ቀምሳ፣ ሰው ሳያያት ትተፋዋለች። ቀሚሷ ሰፋባት። ውሎ አድሮ ምራቋን መዋጥ እንኳ ያስፈራት ጀመር።

በመጨረሻ አንድ ቀን ቤቷ ውስጥ ምድጃው ፊት ራሷን አዙሯት ወደቀች። ባሏ ተሸክሞ ክሊኒክ አደረሳት። ሐኪሙ ጉሮሮዋን መርምሮ «ጤነኛ ነው» ሲላት ይብስ ደነገጠች። «ታዲያ አብጃለሁ ማለት ነው?»

ሐኪሙ አብረው ወደሚያክሙ ሁለት ሰዎች ላካት፤ አንዷ ወጣት የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ ሌላው ጎልማሳ የሥነ ልቦና አማካሪ ነበሩ።

«እትዬ፣ የተራበ ሰውነት ቶሎ ይደነግጣል» አለቻት ባለሙያዋ። «የደነገጠ ጉሮሮ ደግሞ አልውጥም ይላል። እኔ በረሃቡ በኩል እገባለሁ፣ እሱ በፍርሃቱ።»

«ሰውዬው ሲታነቅ በሆድዎ ምን አሉ?» ሲል አማካሪው ታሪኩን ከሰማ በኋላ ጠየቃት።

«ገደልኩት አልኩ» አለች። ይህን ለባሏም ነግራው አታውቅም። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

በወፍራም ሾርባ ጀመሩ፤ ከዚያ ድንች ፈጭተው አበሏት። በየቀጠሮው እየበላች ታወራለች፣ እያወራች ትበላለች። የተቀቀለ እንቁላል የቀረበላት ዕለት ግን ብድግ ብላ የበሩን እጀታ ያዘች።

«ልታንቁኝ ነው!»

«በሩ ክፍት ነው፤ አልከለክልዎትም» አለ አማካሪው። «ግን አሁን ምን ታየዎት?»

«ፊቱ። የዚያ የዕቃ ጫኙ ፊት።»

«እሱ ዛሬ የት ነው ያለው?»

«ሥራ ላይ። ጠዋት ሰላም ብሎኝ ነበር።»

ተመልሳ ተቀመጠች። አንዲት የእንቁላል ቁራሽ ጎርሳ ውሃ እስክትሆን አላመጠቻት። ጉሮሮዋ ተዘጋ።

«አይቸኩሉ፣ በአፍንጫዎ ይተንፍሱ» አለቻት ባለሙያዋ።

ጠረጴዛውን ጨምድዳ ይዛ ዋጠች። ዓይኗን ጨፍና ሞቷን ጠበቀች። ሞት ግን አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ያዩአታል።

ፍርሃቱ በአንድ ጀምበር ጓዙን ጠቅልሎ አልሄደም። ሥጋ ዛሬም ሳትፈጨው አትበላም፤ አንዳንድ ቀን እጇ አልታዘዝ ይላታል። እራት ግን ከባሏ ጋር ትቀርባለች። እሱም በስጋት አንገቷን አንገቷን ሲያይ፣ «ዓይንህን ከጉሮሮዬ ላይ አንሳና ብላ፤ ያንተም ቀዘቀዘ» ትለዋለች።